የጋሽ ፈንታ የተበሳች ጣሳ

ሰው ጡረታ የሚወጣው ሲሸብት ነው። እኔ ጢሜ በቅጡ ሳይሞላ ወጣሁ። በሁሉም ነገር ፈጣን ነኝ፣ ምን ላድርግ። ላሊበላ ገብተህ "ጌጡ ቀለም የታል?" ብለህ ጠይቅ፤ የሆቴል ዘበኛው ይነግርሃል፣ አስጎብኚው ይነግርሃል፣ ካህኑ ሳይቀር በመቋሚያው ይጠቁምሃል። ዛሬ ባጃጅ ነው የምነዳው፤ ሰው ግን እስካሁን ጌጡ ቀለም ነው የሚለኝ። የሙያ ስም እንደ ናይትሮ ቀለም ነው፣ ጥፍር ሥር ከገባ በቲነርም አይለቅም።

የብልባላ ልጅ ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ እኔ ቆሜ አይደለም፣ እሱ ነው የቆመው፣ እኔማ ሄድኩ። የማውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝ ጋሽ ፈንታ ናቸው። ይሄንንም የምጽፈው ስለሳቸው ብዬ ነው። ስለ ራሴ ለማውራትማ ወረቀት አልፈልግም፣ አፌ ይበቃኛል።

የተገናኘነው እንዲህ ነው። ከብልባላ ጤፍ የጫነች አህያ ነድቼ ላሊበላ ገበያ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ከአየር ማረፊያው በሚመጣው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ ከታጠረ ግቢ ውስጥ ፍሽሽ የሚል ድምፅ ሰማሁ። እባብ መሰለኝና ድንጋይ አንስቼ ገባሁ። አንድ ረዘም ያሉ ሰውዬ አፍንጫቸውን በነጠላ ጫፍ ጠቅልለው የሆቴል አልጋ ብረት ቀለም ይረጫሉ። አልጋው ያብለጨልጫል። ድንጋዬን እንደያዝኩ ፈዝዤ ቀረሁ።

"ልትወግረኝ ነው?" አሉኝ።

"ኧረ አይደለም ጋሼ። ይሄ ነገር ግን ቀለም ነው ወይስ ውሃ?"

"ቀለም ሆኖ ከቀረ ይጎረብጣል። ውሃ ሆኖ ከቀረ ይፈሳል። መሃሉን ያገኘ ሰው እንጀራ ይበላል።"

አህያዋን መልሼ በሳምንቱ መጣሁ። እንዲህ ነው የተቀጠርኩት። ደሞዝ ምናምን ብለህ አትጠይቀኝ፤ ሲኖር እንካፈላለን፣ ሲጠፋ እንሳሳቃለን።

ጋሽ ፈንታ የገነተ ማርያም ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ዲያቆን ነበሩ፣ ቅኔ ቤትም ገብተዋል። በኋላ ኮምቦልቻ ወርደው ጋራዥ ውስጥ የመኪና ቀለም ተማሩና ተመለሱ። ሰው "መሪጌታ" ይላቸው ነበር፣ ለቀልድ። ምክንያቱም ቀለም ሲያቀጥኑ ይጸልያሉ። እኔም መጀመሪያ እንደሌላው ሰው ሳቅሁ። ኋላ ነው ነገሩ የገባኝ።

ቀለም ከቆርቆሮው እንደወጣ መርጫ ውስጥ አይገባም፤ ወፍራም ነው፣ አፉን ይዘጋዋል። በቲነር ይቀጥናል። ስንት ቲነር ነው ጥያቄው። ጋሽ ፈንታ መጀመሪያ በጠፍጣፋ ብረት ከሥር ጀምረው ያማስላሉ። በእንጨት ሲያማስል ያዩትን ሰው "ወጥ ቤት ግባ" ይሉታል። "ከሥር ያለው ዝቃጭ ካልተነሳ ከላይ የምታየው ውሸት ነው" የምትል አነጋገር ነበረቻቸው። ቀጥለው በሴት ስቶኪንግ ያጠልሉታል። ድሮ በነጠላ ቁራጭ ነበር የሚያጠልሉት፣ ክሩ ይገባበት ነበር። ስቶኪንጉን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ፈረንጆች ሆቴል ጥለውት ሲሄዱ ከዘበኛው ተቀብዬ። ይሄ ፈጠራ የኔ መሆኑ እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ። እትዬ ዘነቡ፣ የጋሼ ባለቤት፣ ያን ስቶኪንግ ባላቸው ኪስ ውስጥ ያገኙ ቀን ግን እኔ እዚያ አልነበርኩም፣ አልመሰክርም።

ከዚያ ቲነሩ ብረቱን ተከትሎ ቀስ እያለ ይወርዳል። ከዚያ ጣሳዋ ትመጣለች።

ጣሳዋ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ናት። ቂጧ በጫማ ሚስማር ተበስቷል። ጋሼ ቀለሙ ውስጥ ይነክሯታል፣ ሞልታ ትወጣለች፣ ከወጣችበት ቅጽበት ጀምሮ "አቡነ ዘበሰማያት" ይላሉ። ቀለሙ በቀዳዳዋ እንደ ክር ይወርዳል። እሳቸው ይደግማሉ። ልክ የዕለት እንጀራ የሚለው ጋ ሲደርሱ ክሩ ከተበጠሰና ጠብ ጠብ ካለ ቀለሙ ደርሷል። እንጀራው ሳይደርስ ከተበጠሰ ቀጥኗል፣ ይፈሳል። እንጀራውን አልፎ ከሄደ ወፍሯል። ለአንቲረስት ከእንጀራው ቀጥሎ እስካለው፣ እስከ በደሉ ድረስ ይፈቅዳሉ፤ እሱ ከሥር የሚቀባ ስለሆነ ወፈር ማለቱ አይጎዳውም።

"ጋሼ፣ በሰዓት ቢለኩት አይሻልም?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ሰዓት ባትሪው ያልቃል።"

"በስልክስ?"

"ስልክ በቀለም እጅ አይነካም። ጸሎት ባትሪ የለውም፣ ዝም ብለህ ያዝ።"

ያዝኩ። ከሳቸው ጋር እኩል መድገም ለመድኩ፤ በግዕዝ፣ በሳቸው ፍጥነት፣ ሳልዘል። ጣሳዋም አንድ ቀን አላሳሳተችንም። የላሊበላ ብርድ ጠዋት ጠዋት ቀለሙን ያደድረዋል፣ ፀሐይ ላይ እናሞቀዋለን። ከሰዓት ደግሞ ነፋሱ ይነሳል፣ ቲነሩ ብረቱ ጋ ሳይደርስ አየር ላይ ይተናል፣ ቀለሙ አቧራ ሆኖ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ በመሃል ባለችው ሰዓት ነው ሥራው። በዚያች ሰዓት ቀጭን አድርገህ፣ ክንድህን ሳታጥፍ፣ እኩል እየሄድክ ከረጨህ መስታወት ነው የሚወጣልህ። እኔ የረጨሁት ባጃጅ ላይ ሰው ፊቱን እያየ ጢሙን ተላጭቷል። ካላመንክ ተወው፣ የተላጨው ሰውዬ ራሱ አላመነም።

ስለ ወተቱም ልንገርህ። ቀለም የሚረጭ ሰው ሁሉ ማታ ወተት ይጠጣል። ወተት ደረትን ያጥባል ይባላል። ኮምቦልቻም እንዲህ ነው፣ ደሴም እንዲህ ነው፣ እኛም እንዲህ ነበርን። ችግሩ ላሊበላ ውስጥ ትልቁ ሥራ የሚመጣው ከገና በፊት ነው። ምዕመኑ ከየአገሩ ይጎርፋል፣ ሆቴሉ በሩን፣ አልጋውን፣ መኪናውን ያሳድሳል። ያ ጊዜ ደግሞ ጾም ነው። ጋሽ ፈንታ ጾም አይሽሩም።

"ጋሼ፣ እግዜር የደረት ነገር ይገባዋል፣ ትንሽ ቅመሱ" እላቸዋለሁ።

"አንተ ቀልማዳ፣ ጠጣ ብዬሃለሁ፣ አጠጣኝ አላልኩም።"

እኔ ተደብቄ እጠጣለሁ፣ እሳቸው በባዶ ደረት ይረጫሉ። እንዲህ ነበር የሚመስለን። በጾም ወራት ሳል ሲጀምራቸው "ገና ይድረስ እንጂ በወተት ይለቃል" ይላሉ። ገና ይደርሳል፣ ወተቱ ይጠጣል፣ ሳሉ ትንሽ ያርፋል፣ እኛም ወተቱን እናመሰግናለን።

ከዚያ እንግዳ የጠፋበት ዘመን መጣ። መንገዱ ተዘጋ፣ ሆቴሉ ተዘጋ፣ የኛም መርጫ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ጋሼ በየሳምንቱ እያወረዱ በቲነር ያጥቡት ነበር። ያልቆሸሸ ዕቃ ለምን ያጥባሉ ስላቸው "እንዳይረሳኝ" አሉ።

ነገሩ ትንሽ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣችው ወይዘሮ የሺ ናት፣ ባለ ሆቴሏ። ሚኒባሷ ለረጅም ጊዜ ቆማ ፀሐይ በልቷታል። "ፈንታ፣ ለገና እንግዶች አየር ማረፊያ ድረስ ሄጄ የምቀበልባት እሷ ናት። እሷ ካላማረች እኔም አላምርም" አለች። እኔ "አንቺማ ባትረጪም ታምሪያለሽ" ልላት ፈልጌ ጋሼ በዓይናቸው አፌን ዘጉት።

ያቺ መኪና የሁላችንም ተስፋ ነበረች። ወይዘሮ የሺ ከተደሰተች ሌላውም ሆቴል ይመጣል። ስቱኮውን እኔ ሠራሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ እጅህን ብታሳርፍባት የሕፃን ጉንጭ ነች። ጋሼ ነጩን ቀለም አማሰሉ፣ አጠለሉ፣ ቲነሩን አወረዱ፣ ጣሳዋን ነከሩ፣ ደገሙ። እንጀራው ጋ ክሩ ተበጠሰ።

"ደርሷል" አሉ።

ብረቱን ሳነሳው ቀለሙ ክብድ አለኝ። "ጋሼ፣ ይሄ ነገር አጥሚት ሆኗል" አልኩ።

"ጣሳዋን አላየሃትም?"

አይቻታለሁ። በዓይኔ አይቻለሁ፣ እንጀራው ጋ ነው የተበጠሰው። ጣሳዋ ደግሞ ተሳስታ አታውቅም። መርጫውን አቀበልኳቸው።

ረጩ። ቀለሙ ሲደርቅ መኪናዋ ከኮፈኗ እስከ ኋላ በሯ የብርቱካን ልጣጭ ሆነች። ቀለም ሲወፍር እንዲህ ነው፤ ብረቱ ላይ ሳይተኛ ፍንጥር ፍንጥር ብሎ እንደቆመ ይደርቃል።

ጋሼ እጃቸውን አሳረፉባት። ከዚያ መዳፋቸውን አዩት፣ መዳፉ ያጠፋ ይመስል። "ቲነሩ ነው፣ ቀይጠውታል" አሉ። ሌላ ሱቅ ሄጄ ሌላ ቲነር አመጣሁ። ቀለሙን በሙሉ በውሃና በብርጭቆ ወረቀት ፋቅነው፤ ትከሻዬ እስኪገነጠል። ጋሼ የጣሳዋን ቀዳዳ በመርፌ አጸዱ፤ ቀለም ደርቆበት ይሆናል ብለው። ቀለሙን ፀሐይ ላይ አሞቅነው። ደግመው ለኩ። እንጀራው ጋ ተበጠሰ። ረጩ።

እንደገና ብርቱካን።

ወይዘሮ የሺ መጣች፣ አንድ ጊዜ ዞረቻት። "ፈንታ፣ ይሄ መኪና ነው ፈንጣጣ?" አለች። ጋሼ አንገታቸውን ደፉ። እንዲህ ሆነው ማየት ከብዶኝ "እትዬ የሺ፣ ይሄ አዲስ ሞዴል ነው፣ እንግዳ እንዳይንሸራተት ነው" አልኩ። ማንም አልሳቀም። ያኔ ነው ነገሩ የከፋ መሆኑ የገባኝ፤ እኔ ቀልጄ ያልተሳቀበት ቀን ብዙ የለም።

ለሦስተኛ ጊዜ ፋቅናት። ጋሼ ጣሳዋን ሲነክሩ ዓይኔን ከቀለሙ አነሳሁና ከንፈራቸውን አየሁ። በሆዴ አብሬ ደገምኩ፤ ራሳቸው ባስተማሩኝ ፍጥነት። እኔ እንጀራው ጋ ደረስኩ። እሳቸው ገና መጀመሪያው ላይ፣ ስሙ ጋ ናቸው። አንድ ቃል ይላሉ፣ ይተነፍሳሉ። አንድ ቃል ይላሉ፣ ትከሻቸው ከፍ ይላል፣ ይተነፍሳሉ። የነጠላው ጫፍ አፋቸው ላይ ገባ ወጣ ይላል። እኔ በሆዴ አሜን ብዬ ጨርሼ ቆሜ ስጠብቃቸው፣ እንጀራው ጋ ደረሱ። ክሩ ተበጠሰ።

"ደርሷል" አሉ።

አብሬያቸው ስውል፣ አብሬያቸው ስበላ ያላየሁትን ጣሳዋ ስትናገር ከርማለች።

"ጋሼ፣ ኮምፕሬሰሩ አየር እያፈሰሰ የሚያፏጭ መሰለኝ፣ እስቲ ይዩልኝ" አልኩ። ዞር ሲሉ ቲነር ጨመርኩ። በራሴ ጸሎት ለካሁ። እንጀራው ጋ ሲበጠስ ቆርቆሮውን ባለበት አደረግሁት። የሚያፏጭ ነገር የለም ብለው ተመለሱ፣ መርጫውን ሞሉ፣ ረጩ።

መኪናዋ መስታወት ሆነች። ሰማዩ ገባባት፣ ቆርቆሮ አጥራችን ገባባት፣ ጋሽ ፈንታም ራሳቸው ገቡባት። ቆመው ራሳቸውን አዩ።

"ጨምረህበታል" አሉኝ፣ ሳይዞሩ።

"ትንሽ ጋሼ።"

"እስከ የት?"

"እስከ እንጀራው። በኔ አደጋገም።"

ነጠላውን ከአፍንጫቸው ፈቱት።

"እንግዲያ የዘገየው ቀለሙ አይደለማ" አሉ።

ወይዘሮ የሺ መጥታ እልል ብላ መኪናዋን ወሰደች። ገናም ደረሰ፣ ወተቱም ተጠጣ፣ ሳሉ ግን አላረፈም። እትዬ ዘነቡ ግድ ብለው ደሴ ወሰድናቸው። ሐኪሙ የደረታቸውን ፎቶ ብርሃን ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አየና ምን እንደሚሠሩ ጠየቀ። እኔ ቀደም ብዬ "ግን ወተት ይጠጣሉ" አልኩ። ሐኪሙ አልሳቀብኝም። ወተት የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፣ ደረት ውስጥ አይገባም አለን፣ ቀስ ብሎ። ሳንባቸው የተጎዳው አሁን አይደለም፣ ከኮምቦልቻ ጀምሮ ነው አለ። ከእንግዲህ ቀለም የሚረጭበት ግቢ እንዳይገቡ አለ።

በመልስ መንገድ ጋሼ በመስኮት እያዩ "ያ ሁሉ ወተት" አሉ።

ወደ አባታቸው ቤት፣ ገነተ ማርያም ገቡ። መርጫውንና ኮምፕሬሰሩን ለኔ ተዉልኝ፤ ጣሳዋን ግን ይዘዋት ሄዱ። "አንተ የራስህን ብሳ" አሉኝ። በሳሁ። ብቻዬን ሠራሁ። ያ ጊዜ፣ ባልዋሽ፣ የዝናዬ ጊዜ ነው። ጣቢያ ላይ ከቆሙት ባጃጆች የኔን እጅ ያላየ አልነበረም። አፍንጫዬን የማስረው በሁለት ነጠላ ነበር፣ ከጋሼ በአንድ በልጫለሁ ብዬ።

እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። ደጃፋቸው ላይ ጋቢ ለብሰው ይቀመጣሉ። ገና ሰላምታ ሳልጨርስ "ዘነቡ፣ ጣሳዋን" ይላሉ። እትዬ ዘነቡ ጣሳዋንና አንድ ጆግ ውሃ ያመጣሉ። ጋሼ ጣሳዋን በውሃ ሞልተው ያነሱና "በል" ይሉኛል። እኔ እደግማለሁ።

መጀመሪያ ቀን "ጋሼ፣ ውሃ ሊረጩ ነው?" ብያቸዋለሁ።

"ቀለም ይወፍራል ይቀጥናል። ውሃ ሁሌ አንድ ነው። ዛሬ የምለካው አንተን ነው።"

ውሃ ከቀለም ይፈጥናል፣ መንግሥቱ ጋ ስደርስ ነው የሚያልቀው። በየእሁዱ መንግሥቱ ጋ እደርሳለሁ፤ "እየው፣ አንበሳ ነኝ" እላለሁ፤ እሳቸው "ቀልማዳ" ብለው ጣሳዋን ያስቀምጣሉ፣ ምሳ እንበላለን።

ከፋሲካ በኋላ አንድ እሁድ ስደግም ውሃው አለቀ። እኔ ገና ስሙ ጋ ነኝ።

"ድገመው" አሉ።

ደገምኩት። ስሙ ጋ አለቀ። ልፍጠን ብዬ ስሞክር ሳል ያዘኝ።

"ጉንፋን ነው ጋሼ።"

"እኔም ጉንፋን ብያለሁ" አሉ።

እትዬ ዘነቡ ጆጉን ይዘው ወደ ውስጥ ገቡ። ጋሼ ጣሳዋን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

"በቃህ" አሉ።

"ጋሼ፣ ከዚህ ሌላ ሥራ አላውቅም እኮ። ከተማው ውስጥ እንደኔ—"

"እንዳንተ የለም። አውቃለሁ። እኔ አይደለሁ ያስተማርኩህ?" እንዲህ ብለው አሞግሰውኝ አያውቁም ነበር። ባላሞገሱኝ ብዬ ተመኘሁ። "ስትረጫቸው የኖርካቸውን ባጃጆች ቁጭ ብለህ ንዳቸው። ነፋስ ይመታሃል፤ ነፋስ ጥሩ ነው። ማልልኝ።"

ማልኩ። ኮምፕሬሰሩ ተሸጠ፣ ለሳቸው መድኃኒት ሆነ። መርጫውን ማንም እንዳይገዛው አፉን በስቱኮ ደፈንኩት። እንዲህ ነው ጡረታ የወጣሁት። ሐኪሙ እኔን በጊዜ ነው የተውከው ብሎኛል፤ ዳገት ላይ ትንሽ ነው የሚያስቸግረኝ፣ ዳገቱን ደግሞ ባጃጇ ናት የምትወጣው።

ጋሽ ፈንታን ገነተ ማርያም ቀበርናቸው። ካህናቱ ፈትተው ሕዝቡ አቡነ ዘበሰማያት ሲደግም እኔ እንጀራው ጋ ስደርስ ዝም አልኩ። ልማድ ነው፤ እዚያ ጋ ሁሌም ጣሳ እናወርድ ነበር።

ከዚያ በፊት የነበረውን እሁድ ነው ልነግርህ የፈለግሁት። ከአልጋ አይነሱም ነበር። ገብቼ እግራቸው ሥር ቁጭ አልኩ። ለእትዬ ዘነቡ በእጃቸው ምልክት ሰጡና ጣሳዋ መጣች። እኔ ልደግም አፌን ስከፍት ራሳቸውን ነቀነቁ። በጣታቸው ደረታቸውን ነኩ።

"ዛሬ እኔን" አሉ።

አንድም ቀን ራሳቸውን ለክተው አያውቁም። እትዬ ዘነቡ አዩኝ። ሁለታችንም ምን እንደሚሆን እናውቃለን፤ ውሃው መጀመሪያው ቃል ላይ ያልቃል። ጣሳዋን ሞላሁ። እትዬ ዘነቡ ካቀረቡት ሳህን በላይ አንስቼ ያዝኳት፣ በመዳፌ ከሥር ደግፌ። መሃል ጣቴን ቀዳዳው ላይ አደረግሁ። ውሃው በጣቴ ዳር ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ።

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። አንድ ቃል፣ ትንፋሽ። አንድ ቃል፣ ትንፋሽ። ስሙን አለፉ። መንግሥቱን አለፉ። እትዬ ዘነቡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጣቴን አላነሳሁም። እንጀራው ጋ ሲደርሱ ለቀቅ አደረግሁት፣ የቀረችው ውሃ ክር ሆና ወርዳ ተበጠሰች።

ዓይናቸውን ገለጡ።

"አየህ፣ ደረስኩ" አሉ። "ውሃው ጠበቀኝ።"

"አንበሳ ነዎት ጋሼ።"

እጃቸውን ዘርግተው እጄን ያዙኝ። መሃል ጣቴን ለብቻው ለይተው በመዳፋቸው ጨበጡት፣ እንደማሞቅ።

"አልበረደህም?" አሉኝ።